ስለ ተሳላሚና ስለ ተመልካች

በዛሬው ዘመን በማኅበር ተሰብስቦ ወደ ቅዱሳት መካናት መጓዝ እየበዛ ሄዷል። የጉዞ ወኪሎች የሚያወጡት ማስታወቂያ ኢየሩሳሌምን፥ ደብረ ሲናን፥ የግብፅን የበረሃ ገዳማት፥ አልፎ አልፎም የኬንያንና የታንዛንያን የአራዊት ሜዳ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ሁሉንም «መንፈሳዊ ጉዞ» ይለዋል። ሰኞ ጎልጎታ፥ ረቡዕ ደብረ ሲና፥ ቅዳሜ ዝሆንና አንበሳ። ዋጋውም አንድ፥ ስሙም አንድ ነው። ክፋቱ የሚጀምረው ከዚሁ ከስሙ ነው።

አገር ማየት ኃጢአት አይደለም። አንበሳንና የሜዳ አህያን ፈጥሮ ያሰማራ እግዚአብሔር ነውና፥ ይህን አይቶ የሚደነቅ ሰው አይነቀፍም። በአውሮፕላን መሄድም ነውር የለበትም፤ ጉልበቷ የደከመ እናት ወደ ጎልጎታ በእግሯ ትሂድ የሚል ጨካኝ ማን ነው? የሚነቀፈው ሽርሽርን የመሳለም ጉዞ ነው ብሎ መሸጥና መግዛት ነው።

በአማርኛ ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚሄድ ሰው ተሳላሚ ይባላል እንጂ ተመልካች አይባልም። መሳለም ከሰላም የወጣ ቃል ነው፤ ደጁን የሳመ ሰው ለቤቱ ሰላምታ ሰጥቷል። ቤቱም ነዋሪ አለው። መድረኩን ስሞ የቤቱን ሰው ሳይጠይቅ የሚመለስ እንግዳ በየትኛውም አገር ባለጌ ይባላል። የዛሬው የማኅበር ጉዞ ግን ይህን ባለጌነት ሥርዓት አድርጎታል።

በኢየሩሳሌም፥ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ፥ በዴር ሡልጣን የሚኖሩትን የኢትዮጵያ መነኮሳት መመልከት ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. በሽታ ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ፤ መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁልፉ ከግብፃውያን ጋር የሆነው ክርክር፥ በ1970 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ቁልፉ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ከተመለሰ በኋላ እንኳ አላለቀም። እነዚያ አባቶች በጠባብ ጎጆ፥ በሐሩርና በብርድ የሚቀመጡት ለትርኢት አይደለም፤ ቦታውን በጸሎታቸውና በመቀመጣቸው ለመጠበቅ ነው። ማኅበረተኛው ግን በሩብ ሰዓት ሰገነቱን አቋርጦ፥ የጎጆውን በርና የመነኩሴውን ፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይወርዳል። ስማቸውን አልጠየቀም፤ ዕጣንና ዘይት እንዳላቸው አልጠየቀም፤ ቅዳሴ አላስቀደሰም። ባዕድ ይህን ቢያደርግ ባለማወቁ ይማራል፤ ኢትዮጵያዊ ሲያደርገው ግን ምን ይባላል?

በአራተኛው መቶ ዓመት ኤጌርያ የምትባል ሴት ከምዕራብ አገር ተነሥታ በኢየሩሳሌም ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠች፤ ደብረ ሲናንም ወጣች። እርስዋም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ማየት ትወድ ነበር። ነገር ግን በደረሰችበት ሁሉ ጸሎት ይደረጋል፤ ስለ ቦታው የተጻፈው ከመጽሐፍ ይነበባል፤ መዝሙር ይባላል፤ ከመነኮሳቱም ጋር ትነጋገራለች። በዚያው ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ፥ ቦታ መለወጥ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ በመልእክቱ ጽፏል። እርስዋ ሄዳ ሰነበተች፤ እርሱ አትቸኩሉ አለ። ሮጦ ማየትን ግን ከሁለቱ አንዱም ስግደት አላለውም።

ችኮላው ቦታውንም ይለውጠዋል። በደብረ ሲና ግርጌ ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም በስድስተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዮስጢንያኖስ የተሠራ ነው። ጀበሊያ የሚባሉት የአካባቢው በደዊኖች፥ አባቶቻቸውን ገዳሙን እንዲያገለግሉ ያመጣቸው ይኸው ንጉሥ እንደሆነ ይናገራሉ፤ እስላሞች ሲሆኑም እስከ ዛሬ ከገዳሙ አልተለዩም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ የግብፅ መንግሥት «ታላቁ መገለጥ» በሚለው ሥራ ሆቴልና መንገድ በዚያ ሸለቆ ያሠራል። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤት መሬቱ የመንግሥት ነው፥ መነኮሳቱ የመጠቀም መብት ብቻ አላቸው ብሎ ፈረደ። ያ ሁሉ አልጋ የተነጠፈው ለመነኩሴ አይደለም፤ በሌሊት ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ አይቶ ለሚወርደው ነው።

የአራዊቱም ሜዳ ከዚህ ነገር አላመለጠም። ማስታወቂያው ሴሬንጌቲን የሰው እጅ ያልነካው ገነት አስመስሎ ያሳያል። ሆኖም ማሳዮች ከብታቸውን እያሰማሩ ይኖሩበት ነበር፤ በ1959 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ እንዲሄዱ ተደረገ። ሰው አልባ መስሎ የሚታየው ሰዉ ስለ ወጣ ነው። ይህን ሳያውቅ «የእግዚአብሔርን ሥራ አየሁ» የሚል መንገደኛ የሰውንም ሥራ ጨምሮ አመስግኗል።

ጉዞው ለአገሬው ሰው እንጀራ ይሆናል የሚል መልስ ይሰጣል። በእርግጥ መንገድ መሪውና ግመል ሳቢው ከዚያ ይበላሉ፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እንጀራ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መሳለም ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጎደለ አንደኛው አይተካውም። በዚህም መካከል ገንዘብ የሌላት የደብሩ ምእመን ማስታወቂያውን በግድግዳ ላይ አይታ፥ በረከት ለባለጠጎች ብቻ የተሸጠ መስሏት ትመለሳለች። ለልደት በዓል ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ላሊበላ የሚገባው ገበሬ ግን ጉዞውን መንፈሳዊ ብሎ አልሰየመውም፤ «ልሳለም» ብሎ ወጣ እንጂ።

እንግዲህ ማኅበሩን የሚመራ ካህን ከወኪሉ ጋር ከመዋዋሉ በፊት የቀኑን አደላደል ይጠይቅ። ከስድስቱ ቦታ አራቱን ያስቀር፤ በቀሩት በእያንዳንዳቸው ሦስት ቀን ያሳድር፤ ኪዳንና ቅዳሴ የሚደርስበትን ሰዓት አስቀድሞ ያስጽፍ፤ ለገዳሙ የሚሆን ዕጣን፥ ጧፍና ዘይት ተጓዦቹ ይዘው እንዲነሡ ያድርግ። የአንበሳውም ቀን ይቅር አይባልም፤ በሌላ ወረቀት፥ በሌላ ዋጋ፥ ሽርሽር ተብሎ ይጻፍ።