ማማድ ውስጥ ያለችው ባትሪ ትበራለች?

ለእናቶቻችን የግንባር ባትሪ ገዝቶ በቤቱ የሚሳይል መጠለያ ክፍል፣ ማማድ ውስጥ፣ ሰቅሎ መሄድ አይበቃም። ይህን የምለው እዚሁ ናታንያ፣ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቼ ቤት ስገባ የባትሪዎቻቸውን ክዳን ከፍቼ ስለማይ ነው። በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል በመጣብን ሌሊቶች ማማድ የገባን ሁሉ እናውቀዋለን፤ የብረት መስኮቱ ተዘግቶ መብራት ቢጠፋ የገዛ እጅ አይታይም። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የልጅ ልጅ ለያዙ እናት ግንባር ላይ የምትታሰር ባትሪ ትልቅ ነገር ናት። ክዳኗን ስከፍት ግን ሞላው ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ ድንጋዩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አገኘዋለሁ።

ሀገር ቤት የምናውቀው የሬዲዮ ድንጋይ ውሃ የሚያወጣው የዚንክ ቆርቆሮው ኃይል በሰጠ ቁጥር እየተበላ ስለሚሳሳ ነው። ዛሬ የምንገዛው አልካላይን ደግሞ ሲደክም ውስጡ ጋዝ ይጠራቀምና ማሸጊያውን ይከፍተዋል። የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ አየር ሲያገኘው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። አንዳንድ የግንባር ባትሪ ጠፍቶም ጥቂት ኃይል ስለሚስብ፣ ማንም ያልነካው ድንጋይ እዚያው ተሰቅሎ ያልቃል።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። ጓንት አድርጎ ድንጋዩን ማውጣት፣ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጥቂት አቼቶ ወይም ሎሚ ነክሮ ነጩን መንካት። አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሲያቆም መጥረግ፣ በአልኮል ማጥራት፣ በደንብ ማድረቅ። ሶዳ የሚነሰንሱ አሉ፤ ሶዳ ለመኪና ባትሪ አሲድ እንጂ ለዚህ አይሆንም። በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት መፋቅም የብረቱን ሽፋን ያነሳና ዝገቱን ያፋጥነዋል፤ የባሕሩ እርጥበት ባለበት በናታንያ ደግሞ ይብሳል።

ድንጋዩን አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ የሚለው ምክር ለጉዞ ዕቃ ትክክል ነው። ለማማድ ግን አልቀበለውም። ሳይረን እየጮኸ፣ በጨለማ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ፕላስና ማይነሱን ለይተው እንዲያስገቡ መጠበቅ ግፍ ነው። ባትሪዋ የምትቀበለው ከሆነ ሊቲየም ድንጋይ ይግባላት፤ ውድ ነው፣ ግን ለዓመታት ይቆያል፣ ውሃ የሚያወጣውም ከስንት አንዴ ነው። አልካላይን ከሆነ አዲስና አሮጌ ሳይቀላቀል፣ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ አንዴ፣ ለሲግድ በዓል ስንዘጋጅ አንዴ ክዳኑ ይከፈት። ይህ የልጆች ሥራ ነው፤ ስጦታውን የሰጠ ይመልከተው።

ለአዛውንቶች ስለ ማማድ በአማርኛ ማብራሪያ የምትሰጡም፣ “ባትሪ ይኑራችሁ” ብላችሁ አትለፉት። ባትሪያቸውን ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፤ እዚያው ክዳኑን በእጃቸው ይክፈቱ፣ ሞላውን ይዩ፣ ያብሩ።