ለባቲ የሚላከውን ሐኪም ምን እናስተምረው?

ስለ ውስጥ ደዌ ሕክምና በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ልብ የሚሸፍተው ወደ ትልልቁ መሣሪያና ወደ ውጭ አገር ነው። የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ብቻ እንኳ ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ዴቪድ ዋረል ኋላ በኦክስፎርድ የቆላ በሽታዎች ፕሮፌሰር ለመሆን የበቁ ናቸው። በወጣትነታቸው ግን በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳት ያጠኑት እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ከዶክተር ፓሪ፣ ከዶክተር ብራይሰንና ከሌሎች ጋራ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ያወጡት ጽሑፍ በአገራችን የታከሙ 62 ሕሙማንን ይመለከታል። በዚህ በሽታ መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል ሕመምተኛው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ይወርዳል። መርፌውን ወግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሐኪም ይህን አያይም።

ከዚያ በኋላ ናይጄሪያ፣ ዛሪያ ሄደው የእፉኝትን መርዝ መረመሩ። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ይኸኛው ነው። የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያስለመዱት ምርመራ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንኳ አይፈልግም። ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ደም ቀድቶ በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ብልቃጥ ማኖር፣ 20 ደቂቃ ሳይነኩ መጠበቅ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ዘንበል ማድረግ ነው። ደሙ ሳይረጋ እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን ጀምሮአልና ማርከሻ ያስፈልጋል። (ብልቃጡ በሳሙና የታጠበ እንደ ሆነ ምርመራው ያሳስታል። ይህን ለፈተና ሳይሆን ለሥራ ያዙልኝ።)

እንግዲህ ባቲን እናስብ። ለሰኞ ገበያዋ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላው ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ከእነዚህ መካከል በሌሊት ከብቱን ሲጠብቅ እባብ የነደፈው እረኛ በሰው ሸክም ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ የተቀበለው ወጣት ሐኪም ብልቃጡን ያውቃልን? መጽሐፍ ላይ ያነበበው ይሆናል፤ በእጁ ግን ስንታችን ሠርተነዋል?

ማርከሻ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ከየትኛው አገር እባብ መርዝ እንደ ተሠራ መጠየቅ ግድ ነው። በጋና ገጠር የተለመደው ማርከሻ በሌላ በተተካ ጊዜ ከተነደፉት መካከል የሚሞቱት ከ1.8 በመቶ ወደ 12.1 በመቶ ማሻቀባቸው በ2008 ታትሞአል። ዕቃው ማርከሻ ተብሎ መጣ፤ እባቡ ግን ሌላ ነበረ! የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 ስለ ሆነ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ዛሬ አቤት ለማለት ሰበብ አለን።

መምህሮቻችንን የምንለምነው ከውስጥ ደዌ ልምምዳችን ጥቂቱ ሳምንት በባቲና በከሚሴ እንዲሆንልን ነው። የፋርማሲ ተማሪዎችም በየጤና ጣቢያው ባለው ማርከሻ ላይ የተጻፈውን የእባብ ስም መዝግበው ያምጡ። ለፋኩልቲው ጉባኤ የሚቀርበው ማመልከቻ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦአልና፣ መፈረም የሚወድ ከምሳ በኋላ ይምጣ።