በረሃውን በእግር የሚያቋርጡትን ሕጉ የት ያገኛቸዋል?

በአዲስ አበባ የእግር ጉዞ እንደ ፋሽን ከተያዘ ሰነባብቷል። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በየካና በጉለሌ በኩል ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰው፣ በተለይ ፓርኩ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ቁጥሩ ጨምሯል። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የባንክ ባለሙያው የጫማውን ክር አጥብቆና ውኃውን በጀርባ ቦርሳው ይዞ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ንጹሕ አየር ይቀበላል። ለጤናም ለመንፈስም መልካም ስለሆነ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ይሁን እንጂ ከዚሁ አገር የወጡ ሌሎች እግረኞችም አሉ። ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከትግራይ ገጠሮች ተነሥተው፣ በአፋር በኩል ጋላፊ አካባቢ የጂቡቲን ድንበር በሌሊት ያልፋሉ። ከዚያም ዲኪልን አልፈው፣ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ ዳርቻ አድርገው፣ በታጁራ በኩል ኦቦክ እስኪደርሱ በእግር ይጓዛሉ። ጂቡቲ ውስጥ ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ቀናት የሚፈጅ መንገድ ነው። የሙቀቱ መጠን በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ስንቃቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ የተያዘ ውኃ ነው። በመንገዱ ዳር ድንጋይ የተከመረባቸው መቃብሮች አሉ፤ የሟቹ ስም ግን አልተጻፈባቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። እነዚህን ሰዎች የኢትዮጵያ ሕግ የት ላይ ያገኛቸዋል? ሲወጡ? ሲሞቱ? ወይስ ጨርሶ አያገኛቸውም?

የቆየ መንገድ

መንገዱ አዲስ አይደለም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን፣ ሸዋን ከባሕር የሚያገናኘው ዋነኛው የሲራራ መንገድ ከአንኮበር በአፋር በረሃ አድርጎ ታጁራ ይደርስ ነበር። ግጥም ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል፤ ሒሳቡን ከንጉሡ ጋር የተነጋገረው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ይኸው መንገድ ወደ ውስጥ ጠመንጃ ሲያስገባ ወደ ውጭ ደግሞ ሰው ያስወጣ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሪያ ተብለው ተሸጠው በታጁራ በኩል ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ምድር ባቡር መጣ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መስመር ተመረቀ። ዛሬ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጂቡቲ ወደብ ያልፋል። ጋላፊ ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ አይቋረጥም። ኮንቴይነሩ የራሱ ሰነድ፣ የራሱ ስምምነት፣ የራሱ መድን አለው። ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ በጨለማ የሚሄደው ወጣት ግን አንዱም የለውም። ያው ድንበር ለዕቃ ክፍት፣ ለሰው ዝግ ሆኖ ይታያል።

የክልከላው ውጤት

መንግሥት ለዚህ ችግር የሰጠው የመጀመሪያ መልስ መከልከል ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድ ታገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚህ ዓመታት ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2013 በባሕር የመን የደረሱት ከአፍሪካ ቀንድ የተነሡ ሰዎች 65 ሺህ ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመን በጦርነት እየነደደች፣ ቁጥሩ ከ117 ሺህ በላይ ሆነ። ከመካከላቸው እጅግ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ለዕድገቱ ድርቁም፣ የወጣቱ ሥራ አጥነትም፣ በየመን ቁጥጥር መላላቱም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን እገዳው ጉዞውን እንዳላስቆመው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በአውሮፕላን የሚኬድበት በር ሲዘጋ፣ በእግር የሚኬድበት ዋጋው ጨመረ፤ ጭማሪውን የሰበሰበው ደላላው ነው።

ከዚያ ወዲህ የደረሰውን አንባቢ በዜና ተከታትሎታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን በኩል ለመሻገር የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ሲል ከሰሰ። ሪያድ ክሱን አስተባበለች፤ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር አስታወቀ። በ2016 ዓ.ም. ጸደይ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አካባቢ ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። የሞቱት ወደ የመን የሚሄዱ አልነበሩም። የመን ከርመው፣ ተስፋ ቆርጠው፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ነበሩ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በየመን አብየን ጠረፍ የሰጠመችው ጀልባ ከ70 በላይ ሰዎችን ይዛ ቀረች፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

«ሕገወጥ» ማን ነው?

በየስብሰባውና በየዜናው የምንሰማው ቃል «ሕገወጥ ስደተኛ» የሚል ነው። ሕግ ለተማረ ሰው ይህ አነጋገር ጆሮ ይቆረቁራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 13 ይህንኑ ይላል። እርግጥ ነው፣ የመውጣት መብት ሌላ አገር የመግባት መብትን አያስከትልም። ለመውጣትም የጉዞ ሰነድ መያዝ ግዴታ ነው። ሆኖም መብቱ መሠረት፣ ሰነዱ ደግሞ የመብቱ ማስፈጸሚያ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የተቀበለችው የስደተኞችን ሕገወጥ ዝውውር የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 5 ተሻጋሪው በመሻገሩ ብቻ በፕሮቶኮሉ መሠረት በወንጀል እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ወንጀለኛው አሻጋሪው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178ም ከባድ ቅጣቱን ያነጣጠረው በአዘዋዋሪውና በአሻጋሪው ላይ ነው።

ደላላውን ማሰር ተገቢ ነው። የመን ውስጥ ወጣቶችን አግቶ፣ ገርፎ፣ ጩኸታቸውን በስልክ ለወላጅ እያሰማ ማስለቀቂያ የሚቀበለው ቡድን ምሕረት አይገባውም። ግን አንድ ደላላ ሲታሰር ሌላው የሚተካው ገበያው ስላለ ነው። ገበያውን የሚያጠፋው ከበረሃው የቀረበና የረከሰ ሕጋዊ መንገድ ነው።

ያ መንገድ አለ ወይ? በከፊል አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ወጥቷል፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ 1246 ተሻሽሏል፤ ከሳዑዲ፣ ከዮርዳኖስና ከሌሎች አገሮች ጋር የሁለትዮሽ ስምምነቶች ተፈርመዋል። ነገር ግን በዚህ በር በብዛት የሚያልፉት ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። በአሳል ዳርቻ የሚሄዱት ደግሞ በአብዛኛው ወንዶች፣ ብዙዎቹም ገና አፍላ ወጣቶች ናቸው። ሳዑዲ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ፍየል ጥበቃ፣ የእርሻ ሥራና የቀን ሥራ ነው። እነዚህ ሥራዎች አሉ፤ ሠራተኛም ይፈልጋሉ፤ በስምምነቶቹ ውስጥ ግን ቦታቸው ጠባብ ነው። ባጭሩ በሩ የተከፈተው ለአንዱ ወገን ሆኖ፣ በበረሃው የሚያልቀው ሌላው ወገን ነው።

የፓስፖርቱም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አድጓል። አስቸኳይ ሲሆን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ለከተማ ደመወዝተኛ ይህ የሚያስከፋ ወጪ ነው፤ ለአርሶ አደር ልጅ ግን ገና ከመነሣቱ በፊት የተጣለ ኬላ ይሆንበታል። ደላላው በዱቤ ይወስደዋል፤ ሂሳቡን በኋላ ከነወለዱ ከቤተሰቡ ይቀበላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዱቤ አያውቅም።

«ድህነት ነው እንጂ ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ድህነት መኖሩን የሚክድ የለም። በአማራ ክልል በ2015 የፈነዳው ግጭት፣ ከዚያ በፊት የነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ የተዘጋው ትምህርት ቤትና የጠበበው እርሻ ወጣቱን ገፍተውታል። ነገር ግን ድህነት ከቤት መውጣቱን እንጂ በየት በኩል መውጣቱን አይወስንም። መውጫውን የሚወስነው ሕግና አስተዳደር ነው።

ስማቸው የጠፋ

ከሁሉም በላይ ዝም የተባለው የጠፉት ሰዎች ጉዳይ ነው። ልጁ ሎጊያ ላይ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ የለም። ሞተ? ታሰረ? የመን ውስጥ ታገተ? ቤተሰቡ አያውቅም፤ የሚጠይቅበትም መሥሪያ ቤት የለም። ሐዘን እንዳይቀመጡ ተስፋ አለ፤ ተስፋ እንዳያደርጉ ዓመታት አልፈዋል። ለቅሶ በወጉ በሚለቀስበት አገር፣ ያልተለቀሰለት ሰው ከሞተውም የባሰ ቁስል ይተዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መላ አለው። ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሁሉ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም የመጥፋት ውሳኔ ጋብቻን ያፈርሳል። የጠፋው ሰው ሚስት እንደገና ማግባት፣ ልጆቹም የአባታቸውን ድርሻ መካፈል የሚችሉት በዚህ በኩል ነው። የሕጉ ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን በወሎ ገጠር ያለች ሚስት ይህን ውሳኔ ለማግኘት ጠበቃ፣ ምስክርና የወረዳ ከተማ ምልልስ ያስፈልጋታል። ባልዋ ያለፈበትን ድንበር የመዘገበ የለም፤ አስከሬኑን ያገኘውም ጂቡቲያዊ እረኛ ስሙን አያውቅም። ሕጉ አለ፤ የሕጉ ማስረጃ ግን አሸዋ ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ ከመንግሥት የሚጠበቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለወንዶች ሥራ፣ ማለትም ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃና ለግንባታ፣ ኮታ ያላቸው ስምምነቶች መደራደር። ሁለተኛ፣ በስምሪት ለሚሄድ ሰው የፓስፖርቱን ወጪ ከደመወዙ በየወሩ እንዲቆረጥ ማድረግ፤ ደላላው የሚሰጠውን ዱቤ መንግሥት የማይሰጥበት ምክንያት የለም። ሦስተኛ፣ ከጂቡቲና ከየመን ጋር የጠፉና የሞቱ ሰዎች መዝገብ ማቋቋም፣ ቤተሰብ በወረዳው ሆኖ ልጄ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅበት አንድ መስኮት መክፈት። የድንበሩ ምርመራ ውጤትም ለሕዝብ ሊነገር ይገባል። ከሦስቱ የመጨረሻው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ፣ ነገ ሊጀመር የሚችል ነው።

«ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላል ያገራችን ሰው። የስደትን ውርደት በዚህ ልክ ያወቀ ሕዝብ፣ የስደተኛውን ስም መዝግቦ መያዝ አይከብደውም። በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም ሕዝብ ነን እንላለን። ያ ወጣት በአሳል ዳርቻ በሕግ አምላክ ቢል የሚሰማው የለም። ቢያንስ ስሙን የሚጠይቅ መዝገብ ይኑረው።