መብራቱ ጠፋ ማለት ጎማው ዳነ ማለት አይደለም

የእንጅባራን የማለዳ ብርድ የቀመሰ ሁሉ የሚከተለውን ሳያይ አይቀርም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ በሾፌሩ ፊት አንድ ቢጫ ምልክት ቦግ ይላል። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፤ በመካከሉም ቃለ አጋኖ አለበት። ሾፌሩ «ብርዱ ነው» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ዳንግላ ሳይደርስም መብራቱ ይጠፋል። «አላልኳችሁም?» ይላል። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም።

በእርግጥ ሾፌሩ ስለ ብርዱ አልተሳሳተም። ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ ይዘቱ በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ የታጎረ አየር ግፊቱ በኬልቪን ከሚለካው ሙቀቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል። ይሁን እንጂ የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው የሚበልጥበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ለስሌት የከባቢ አየሩን ግፊት መደመር ያስፈልጋል፤ ይህም በእንጅባራ ከፍታ 11 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ነው።

አንድ ጎማ አምራቹ 32 ፒ.ኤስ.አይ ያዘዘለት ቢሆንም፣ ቀስ በቀስ አየር አፍስሶ ከሰዓት በኋላ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 25 ላይ ደርሷል እንበል። 11 ሲደመርበት 36 ይሆናል። ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ፣ 36ን በ278 አብዝተን ለ293 ብናካፍል 34 ገደማ እናገኛለን፤ 11 ሲቀነስም መለኪያው 23 ያነባል። በብዙ መኪኖች መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከታዘዘው በ25 ከመቶ ሲጎድል፣ ማለትም በዚህ ጎማ 24 ላይ በመሆኑ፣ ጠዋት ይበራል። መኪናው ተጉዞ ጎማው 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን መለኪያው ወደ 27 ይመለሳል፤ መብራቱም ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ሦስቱን ቁጥሮች እናስተያይ፦ 25፣ 23፣ 27። አንዳቸውም ወደ 32 አልቀረቡም። ወደ ጎማው አንዲት ትንፋሽ አየር አልገባም። ጎማው ሞቀ እንጂ አልዳነም።

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። አየር ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም የጎማውን ንብርብር ያላቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የፋየርስቶን ጎማዎች በጉዞ ላይ እየተላጡ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋ ይፋ በመሆኑ፣ በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዚያ አገር የሚሸጡ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ ይህ መብራት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። በዳሽቦርዱ ላይ የምናየው ምልክት በሰው ሕይወት የተገዛ ነው።

ሆኖም መብራቱ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ እንጂ የጤንነት ምስክር ወረቀት አይደለም። አለመብራቱ ጎማው ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ ሩቡን እስኪያጣ ዝም ሊል ይችላልና። ሞተሩ ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ ከቀረ ደግሞ፣ በአብዛኛው መሣሪያው ራሱ መበላሸቱን መናገሩ ነው። በመንገዶቻችን ላይ የሚመላለሱት ብዙዎቹ አሮጌ ሚኒባሶችም መብራቱ ጭራሽ የላቸውም።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ኮቴው የታመመ ፈረስ ኮርቻ ጭኖ ወደ ሜዳ የሚወጣ ፈረሰኛ አላየንም። ለፈረሱ ኮቴ የተሰጠው ጥንቃቄ ደርዘን ሰው ለሚሸከመው ጎማ ለምን ተነፈገ?

ውድ ተማሪዎች፣ የጋዝን ሕግ ለፈተና ብቻ አጥንተን መንገድ ላይ ከረሳነው አላወቅነውም ማለት ነው። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ከጉዞ በፊት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥርም በብዙ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለበዓል ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትሳፈሩ ያ ቢጫ ምልክት በርቶ ካያችሁ፣ «ጋሼ፣ ከመነሣታችን በፊት ጎማው ይለካ» ማለትን አትፈሩ። አምስት ደቂቃ ብትዘገዩ ነው።