«ማን ነገራችሁ?»፦ ገመናን ስለሚያሰማው የመስታወት ቢሮ

ዛሬ ስለ ቢሮ ግድግዳ ልጽፍ ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ ግድግዳ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ። እኔ ጉዳዩ የሥልጣን ነው ባይ ነኝ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የደመወዝ ብድር ለመጠየቅ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊው ክፍል ገባች። ክፍሉ ዙሪያው መስታወት ነው። እናቷ የኩላሊት እጥበት ጀምረዋል፤ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ለኃላፊው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። እኛ ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጥነው ሁላችንም ሰማን። ማናችንም ጆሮ ጠቢ አይደለንም፤ አለመስማት ስላልቻልን ብቻ ነው የሰማነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደግ ሰው ፖስታ አዙሮ መዋጮ ሰበሰበ። ሊሰጣት ሲሄድ ፖስታውን አየችና «ማን ነገራችሁ?» አለች። ሁሉም አቀረቀረ። ገንዘቡን ተቀበለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምሳ ከእኛ ጋር አትበላም። ክፋት ያሰበባት ሰው አልነበረም። ገመናዋን ያወጣው ግድግዳው ነው።

አሁን ከዚያው ፎቅ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንሂድ። በሩ ወፍራም እንጨት ነው። ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ከባድ መጋረጃ፣ መቀመጫው ትልልቅ ሶፋ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ከውጭ ሆነህ አንዲት ቃል አትሰማም። ስለዚህ «ድምፅ መከልከል አይቻልም» የሚሉን አያታሉን። ይቻላል፤ የተሠራው ግን ለአንድ ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ ዕውቀትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ዋላስ ሴባይን የሚባል የሃርቫርድ መምህር ንግግር የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ከሌላ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ ትራስ በተጨመረ ቁጥር ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደሚንከራተት ለካ። ያገኘው ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ድምፅ ይቆያል፣ ድምፅ የሚመጥ ነገር በበዛ ቁጥር ቶሎ ይጠፋል።

በእኛ ቢሮ እናስላው። 6 በ5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ከሚደርስባቸው ድምፅ የሚመጡት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው እንበል። ባዶው ክፍል ውስጥ ድምፅ ወደ 3 ሰከንድ ይንከራተታል፤ ገደል ማሚቶ ማለት ነው። ጣሪያውን ብቻ 80 በመቶ በሚመጥ ኮርኒስ ብንለብጠው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል። ለአንድ ክፍል 30 ካሬ ሜትር ኮርኒስ ነው የምንለው። የሕንፃውን መግቢያ እብነ በረድ ያለበሰ ድርጅት ይህን አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ድምፅ መምጠጥና ድምፅ ማገድ የተለያዩ ናቸው። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ስፖንጅና ኮርኒስ የክፍሉን ጫጫታ ይቀንሳሉ፤ ንግግሩ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያግዱም። የሚያግደው ክብደት ያለው፣ ክፍተት የሌለበት ግድግዳ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የቢሮ መከፋፈያው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ሶሌታው ድረስ ያለው ክፍተት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍት ነው። በሩም ከሥር ሁለት ጣት ያስገባል።

ይህ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ይታወቃል። 50 ዴሲቤል የሚያግድ ምርጥ ግድግዳ አሠርታችሁ ከስፋቱ 1 በመቶው ክፍት ቢቀር፣ የሚያግደው ወደ 20 ዴሲቤል ይወርዳል። የተለመደ ንግግር በ1 ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። 20 ተቀንሶ የሚቀረው ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ቃል ለመለየት ይበቃል። የባልደረባዬም ምስጢር በዚህ መንገድ ነው የወጣው።

«ክፍት ቢሮ ግልጽነትን ያመጣል፣ ሠራተኛን ያቀራርባል» የሚል መልስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች፣ በርንስታይንና ተርባን፣ ሠራተኞቻቸውን ወደ ክፍት ቢሮ ያዛወሩ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎችን አጥንተው ነበር። የፊት ለፊት ንግግር በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በምትኩ ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት በዛ። ሰው ሁሉም ሲሰማው አፉን ይዘጋል። ይህን ለማወቅስ ጥናት ያስፈልገን ነበር?

ሁለተኛው መልስ «ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ» ነው። ጆሮ ማዳመጫ ለሰሚው ትንሽ ሰላም ይሰጠው ይሆናል። የተናጋሪውን ምስጢር ግን አይጠብቅም። እኔ ሙዚቃ እየሰማሁ ቢሆን ኖሮ ከጎኔ ያሉት አይሰሟትም ነበር?

ሦስተኛው «እኛ ኢትዮጵያውያን አብረን የምንኖር ሕዝብ ነን፣ የግል የሚባል ነገር የፈረንጅ ነው» የሚለው ነው። ይህ ባህላችንን አለማወቅ ነው። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ «እስቲ ገለል በሉልን» ብለው አንዱን ወገን ከጆሮ ያርቃሉ። ራሳቸውም ሊመክሩ ሲፈልጉ ከዛፉ ሥር ተነሥተው ራቅ ይላሉ። ንስሐ አባት ፊት የሚነገር ነገር በሹክሹክታ ነው። ገመና የሚለውን ቃል ከማንም አልተዋስነውም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ድርጅቶቻችን ይህን ሲሰሙ የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ቀየሩ፣ የሠራተኛውን ፋይል በቁልፍ ዘጉ። ያው ፋይል ውስጥ ያለው ነገር ግን በየቀኑ በቀዳዳው አልፎ ይሰማል። በባንክ ቅርንጫፎችም የብድር ውዝፍህ ከመስኮቱ ጀርባ ጮክ ብሎ ሲነገር ወረፋው ሁሉ ይሰማል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የሰው ሀብት፣ የቅሬታ፣ የሕክምናና የብድር መነጋገሪያ ክፍሎች ግድግዳ እስከ ሶሌታው ይድረስ። በሩ ድፍን ይሁን፣ ዙሪያውም በጎማ ይታፈን።

ሁለተኛ፣ ሕንፃ ስንረከብ ውኃውንና መብራቱን እንደምንፈትሸው ድምፁንም እንፈትሽ። ለክፍት ቢሮ አይኤስኦ 3382-3 የሚባል የመለኪያ ደረጃ አለ፤ ንግግር እስከ ስንት ሜትር ድረስ እየተለየ እንደሚሰማ ይለካል። በውሉ ውስጥ ይግባ። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ማስተካከል ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ እስኪሠራ ድረስ ምስጢር ያለው ሠራተኛ ሲመጣ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አውሱን። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አለቃችን ያን ጊዜ እኛ በተቀመጥንበት ወንበር ተቀምጠው ስልካቸውን ያውሩ። እኛም ሳንፈልግ እንሰማቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ ለግድግዳው በጀት የሚጠፋ አይመስለኝም።

የእናንተ ቢሮ እንዴት ነው? ከታች ጻፉልን። የሰው ስምና የድርጅት ስም ግን አትጥሩ፤ ገመና ነው።