ያልጠረጠረ ብቻ አይደለም የሚመነጠረው

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ተብሎ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ተረቱ የሚነግረን የእውነቱን ግማሽ ነው። ጥርጣሬ አንዱን ገዢ ከአንድ ኪሳራ ሊያድነው ይችላል፤ ሁሉም ሁሉን በሚጠረጥርበት ገበያ ግን ታማኙ ሻጭም ይመነጠራል። ይህን ለማሳየት የመረጥኩት ዕቃ ትሑት ነው፤ በካልጋሪ የሚሸጥ ያገለገለ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ። ጀልባው የሚያስተምረን ነገር በኢትዮጵያ ተጀምሮ ብዙ ያልተነገረለትን አንድ ተቋም ለመመዘን ይረዳናል።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያነሣው ጥያቄ ቀላል ነበር። ሻጩ የዕቃውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው የሚያቀርበው ዋጋ የመካከለኛ ዕቃ ዋጋ ነው። በዚህ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎ ያለው ይቀራል፤ ዋጋውም እንደገና ይወርዳል። ይህ ሐሳብ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ሥራዎች ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ለጀልባ ደግሞ ከመኪና ይበልጥ ይስማማል፤ የካልጋሪ ጀልባ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ይተኛል፤ ጉዳቱም ከቀለም በታች ይደበቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የጀልባው ሳይሆን የሽያጩ ምክንያት ነው። የነዳጅ ዋጋ በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን አጥቶ ወይም ከተማ ለቆ ጀልባውን የሚሸጥ ሰው የሚሸጥበት ምክንያት ከጀልባው ውጭ ነው። ባለፈው ጸደይ ገዝቶ ዘንድሮ በመከር የሚሸጥ ሰው ግን ምናልባት አንድ ነገር ተምሯል። ለስንት ዓመት እንደያዘው፣ የጥገና ደረሰኝ እንዳለው፣ ክረምቱን የት እንዳሳለፈው መጠየቅ ተራ ወሬ አይደለም።

ከዚያ በኋላ አካሉ ይመረመራል። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ በብዙ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ለዓመታት ሲያበሰብሰው ከውጭ አይታይም። በትንሽ መዶሻ ሲያንኳኩት ጤናማው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ዝግ ያለ። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ ጫን ሲሉት ግድግዳው ከተወዛወዘ ዋጋ መደራደር ሳይሆን መሄድ ይሻላል። የወለሉ መርገብም ከሥር ያለው እንጨት መበስበሱን ይናገራል። የአሉሚኒየም ጀልባ ከሆነ ተጎታቹ ላይ እንዳለ ጥቂት ውሃ ውስጡ አፍስሶ ከሥር የሚያንጠባጥበውን ማየት ይበቃል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መነሣት አለበት። ገዢው ከመድረሱ በፊት የሞቀ ሞተር የአነሣሡን ችግር ይደብቃል። የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ተለክቶ ውጤቱ ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቀ ሜካኒክ ሳያየው መግዛት አይገባም። የታችኛው የማርሽ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ በጎሚኒው በኩል ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ውሃ ደግሞ በአልበርታ ክረምት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የማርሹን ቤት ይሰነጥቃል። የተጎታቹ ኩሽኔታ፣ ጎማና መብራትም አይረሳ፤ ብዙ የዓሣ ጉዞ ከሐይቁ ዳር ሳይደርስ መንገድ ላይ ያበቃል።

የመጨረሻው ምርመራ የወረቀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ከ1981 ወዲህ በካናዳ የተሠራ ወይም ወደ ካናዳ የገባ የመዝናኛ ጀልባ በአካሉ ላይ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ ከሽያጭ ውሉና ከፈቃዱ ጋር መመሳከር አለበት፤ ፈቃዱ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለምና። በአልበርታ የግል ንብረት መዝገብ ደግሞ ጀልባው፣ ሞተሩና ተጎታቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መለያ ቁጥር ይፈለጋሉ። አበዳሪ በቁጥሩ ያስመዘገበው የዋስትና መብት ዕቃው ከግለሰብ ወደ ግለሰብ ሲሸጥ በአብዛኛው አብሮ ይሄዳል፤ ገዢው የሌላ ሰው ዕዳ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በትንሽ ክፍያ የሚገኝ የፍለጋ ውጤት ከዚህ ያድናል።

ሁለቱ የምርመራ ዓይነቶች በወጪ አይመሳሰሉም። ባለሙያ ቀጥሮ አካልና ሞተር ማስመርመር ለርካሽም ለውድም ጀልባ የሚያስከፍለው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ባለ ብዙ ገንዘቡ ገዢ ያስመረምራል፤ በጥቂት ሺህ ዶላር አሮጌ ጀልባ የሚገዛው፣ ኪሳራ ይበልጥ የሚጎዳው፣ ሳያስመረምር ይገዛል። መዝገቡ ግን አንዴ ከተቋቋመ ለሁሉም በእኩል ትንሽ ዋጋ ያገለግላል። ኢኮኖሚስቶች የጋራ ሀብት የምንለው ይህንን ነው።

ከዚህ ወደ ጣና እንሻገር። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ምሥጢር የለውም፤ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር መሆኑን ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ፤ መበስበሱም በዓይን ይታያል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ሲገቡ ግን ከምርቱ ጋር የተደበቀ ጥራትና የብድር ጥያቄም አብረው ገቡ። ያገለገለ ሞተር ለሚገዛ የባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪ የአከርሎፍ ችግር የመጽሐፍ ነገር አይደለም፤ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው።

መንግሥት ስለ አሮጌ ዕቃ እስካሁን የሰጠው ዋና መልስ ዕድሜን መቅጣት ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጥሎባቸዋል። ዕድሜ በቀላሉ ይታያል፤ ጥራትን ግን በከፊል ብቻ ይናገራል። በደንብ የተያዘ የ20 ዓመት ሞተር ከተበደለ የ5 ዓመት ሞተር ሊሻል ይችላል።

የተሻለው መሣሪያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2019 በብሔራዊ ባንክ ሥር የዋስትና መዝገብ እንዲቋቋም ደንግጓል። ስለ መዝገቡ የሚነገረው ሁሉ ስለ ብድር ነው፤ ገበሬው በከብቱ፣ ነጋዴው በማሽኑ መበደር ይችላል ይባላል። መልካም ነው። እኔ የምለው ግን ይህ መዝገብ የገዢም ነው። ስኬቱ በተመዘገበው ዋስትና ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም፤ ሞተር ገዢው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት በስልኩ የመለያ ቁጥሩን አስገብቶ «ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም» የሚለውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ማንበብ በመቻሉ ጭምር እንጂ።

«እኛ ዘንድ ዋስና ደላላ ይህን ሥራ ይሠራሉ» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ዋስ የመረጃ ተቋም ነው። ነገር ግን ዋስ የሚሠራው ሰው በሚተዋወቅበት ክልል ነው፤ ዘመድ የሌለው አዲስ ገቢ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ ወጣት ከዚያ ክልል ውጭ ይቀራሉ። ደላላው ደግሞ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ እውነቱ ሲገለጥ አይደለም።

እዚህ ላለነው ሁለት ነገሮች በእጃችን ናቸው። አንደኛ፣ ያገለገለ ሞተር ወይም መሣሪያ ለዘመድ ወይም ለማኅበር ስንልክ የመለያ ቁጥሩን፣ የኮምፕሬሽን ልኬቱንና የዕዳ ፍለጋውን ውጤት አብረን እንላክ፤ ዕቃው ኋላ ሲሸጥ ታሪኩ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከአገር ቤት ባንኮችና ከብሔራዊ ባንክ ጋር የምንነጋገር ባለሙያዎች ስለ ዋስትና መዝገቡ ስንጠየቅ የአበዳሪውን ጥያቄ ብቻ ይዘን አንቅረብ። የገዢውን ጥያቄ ካላነሣንለት፣ ከመጠርጠር በቀር ሌላ መከላከያ አይኖረውም።