ክለቡ የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር አድርጎ ቁልቁለቱን የወረደ መንገደኛ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። የይፋት ቆላ ነው። ቀን በዚያ ሙቀት ኳስ የሚደፍር የለም፤ ፀሐይዋ በረድ ስትል ግን በየሜዳው አቧራው ይነሳል። ታኬታ ያለው በታኬታ፣ የሌለው በባዶ እግሩ ይጫወታል። ከእነዚህ መካከል አይን የሚገባ ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው «ይህ ልጅ ነገ የት ይሂድ?» የሚለው ነው።

የተለመደው መልስ «ከተማው በጀት ይመድብና ክለብ ይጠናከር» የሚል ነው። መልካም። ነገር ግን የሀገራችን ክለቦች ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነው። አንድ ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ክለብ ኪሱ ሲቀደድ አብሮ ይወድቃል።

ድሬዳዋን እንይ። ኮተን ወይም ጥጥ ማኅበር የሚባለው የፋብሪካ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1963 ተከታትሎ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። በ1954 ዓ.ም ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ የኮተን ተጫዋች ነበር። የፋብሪካው ዘመን ሲያልፍ የክለቡም ዘመን አለፈ። ዛሬ ኮተን የትልልቅ ሰዎች ወሬ ሆኖ ቀርቷል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክስ? በ2009 ዓ.ም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ የወንዶቹ ቡድንም ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ፣ ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም፣ ዋንጫውን አነሳ። ደስ ይላል! ግን ልብ እንበል፤ ያፈረሰውም ያቋቋመውም የአንድ ድርጅት ውሳኔ ነው። ደጋፊው በሁለቱም ጊዜ ተመልካች ነበር።

ከሸዋ ሮቢት በዚያው አስፋልት ወደ ሰሜን ብንቀጥል ወልድያ አለች። ወልድያ ከተማ በ2007 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ወረደ፣ በ2009 ዓ.ም ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ወር በሼህ ሙሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ የተሠራው ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀ። ያን የመሰለ ሜዳ ብዙ ትልልቅ ከተሞች የላቸውም። በቀጣዩ ዓመት ግን ባለሀብቱ ሳዑዲ ውስጥ ታሰሩ፣ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ክለቡ ወረደ። የወረደው በእሳቸው መታሰር ብቻ ነው አልልም። ይሁንና ስታዲየም ብቻውን ክለብ እንደማያቆም ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ታዲያ ምን ይሻላል? ቃኘው ሻለቃ የዘመተላትን ደቡብ ኮሪያን እንጠይቅ። ቡቾን በምትባል ከተማ ኤስኬ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ክለብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኩባንያው ክለቡን ጠቅልሎ ጄጁ ወደምትባል ደሴት ወሰደው። ደጋፊው ሜዳውና መዝሙሩ ብቻ ቀሩት። አልቅሶ ዝም አላለም። በ2007 መጨረሻ የራሱን ክለብ መሠረተ፣ ስሙንም ቡቾን 1995 አለው። በቀጣዩ ዓመት ከፊል ፕሮፌሽናል በሆነው ኬ 3 ሊግ ከታች ጀመረ። በ2009 የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች አኩርፈው የመሠረቱትን ኤፍሲ ዩናይትድን ጋብዞ 3 ለ 0 አሸነፈ። በ2013 ወደ ሁለተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ አደገ። በ2016 በኮሪያ ኤፍኤ ካፕ፣ በዚያው ዓመት የእስያ ሻምፒዮን የሆነውን ጂዮንቡክን 3 ለ 2 ጥሎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በ2025 ዲሴምበር ደግሞ ሱዎን ኤፍሲን በደርሶ መልስ 4 ለ 2 ረትቶ ወደ ዋናው ሊግ ወጣ። ጥሏቸው የሄደው የጄጁ ክለብም እዚያው ሊግ ውስጥ ነው። 18 ዓመት ፈጀ፤ ግን ደረሱ።

«እነሱ ኮሪያ ናቸው፣ እኛ ደሃ ነን» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እድራችንን ማን በጀት መደበለት? የትኛው ባለሀብት ነው ድንኳኑን የገዛው? መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ከንቲባ ሲነሳ ሲሾም እድር አልፈረሰም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በየወሩ የሚያዋጣው አባል «የኔ ነው» ይላል፣ ሂሳቡንም ይጠይቃል። ክለብም እንዲሁ ቢሆን ምን ይጎድልበታል? ሽንኩርትና ማሾ የሚነግደው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው በወር 50 ብር ቢያዋጡ፣ መታወቂያ ቢያወጡ፣ ኮሚቴውን በድምፅ ቢመርጡ፣ በዓመት አንዴ ቁጭ ብለው ሂሳብ ቢያዩ ክለቡ ባለቤት አገኘ ማለት ነው። የከተማው አስተዳደር ሜዳ ይስጥ፣ ይደጉም፤ የቡቾን ከተማም ትደጉማለች። ባለቤቱ ግን አባሉ ይሁን።

ለይፋት ደግሞ ነገሩ ከኳስም ያልፋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ያየ ልጅ ዛሬ ለአቅመ ክለብ ደርሷል። በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ለዘመናት ተገበያይቷል። አንድ ገበያ የቻለ ሕዝብ አንድ ማሊያ አይችልም ያለው ማነው? በአንድ መዝገብ የተመዘገበ፣ በአንድ ሣጥን ያዋጣ ደጋፊ ቅዳሜ ለአንድ ቡድን ከጮኸ እሁድ ጎረቤቱን እንደ ባዕድ ለማየት ይከብደዋል። ኳስ ሰላም ያመጣል ብዬ አልፎክርም፤ ግን አብሮ ለመቀመጥ ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ የሸዋ ሮቢት ሰዎች ሆይ፣ «ማን ክለብ ይስጠን?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «የኛን መዝገብ ማን ይክፈት?» እንበል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና የሚታመን ገንዘብ ያዥ ነው። ስታዲየሙ ይደርሳል።